ሳይጣሩ የማይገቡበት ቤት

በርገን፣ ኖርዌይ
ኅዳር 3 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ውቤ ሰጠኝ
ላሊበላ

ጤና ይስጥልኝ። እርስዎም ግቢዎም እንዴት ከረማችሁ? ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ጉልበትዎን ያጽናው።

እኔን አያውቁኝም። እምነት እባላለሁ፤ የአሰለች ልጅ ነኝ። የአጎትዎ ልጅ አሰለች፣ አባትዎ ቤት ያደገችው። የተወለድኩት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው፤ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ደግሞ ከእናቴ ጋር እዚህ ነኝ። አማርኛ የምጽፈው እናቴ እየተቆጣች ስላስተማረችኝ ነው፤ ስህተት ካገኙ እሷን ይቆጧት። አድራሻዎን የሰጠኝ አስጎብኚው ወንድምአገኝ ነው። ገበያው አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ከፍቷል፤ በዚያ በኩል ተዋወቅን።

የምጽፍልዎ አንድ ነገር ልለምንዎ ነው። ቀን አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ከሥራ ስመለስ ኮምፒውተር ላይ ጌም መሥራት እማራለሁ። ጌም ማለት በኮምፒውተሩ መስታወት ውስጥ እየሄዱ፣ በር እየከፈቱ የሚጫወቱበት ሥዕል ነው። ሥዕሉን በእጅ አይሥሉትም፤ ለኮምፒውተሩ በጽሑፍ ትእዛዝ ይሰጡታል፣ እሱ ይሥለዋል። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ለፍቅሩ ብቻ የሚሠሩ ሰዎች በኢንተርኔት የሚገናኙበት መድረክ አለ፤ የሠሩትን ያሳያሉ፣ ያልገባቸውን ይጠይቃሉ። የምማረው እዚያ ነው። ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ በፖላንድ ጡረታ የወጣ የመብራት ሠራተኛ ነው። ስሙን አላውቀውም፤ ራሱን «ጉጉት» ብሎ ነው የሚጠራው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ሰው ገብቶ የሚዞርበት ቤት እንዲሆን ፈለግኩ። የማን ቤት ብዬ ሳስብ እናቴ ያደገችበት ትዝ አለኝ። አላየሁትም። እናቴን ስጠይቃት የነገረችኝ ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ክብ ነው፣ ቀይ ድንጋይ ነው፣ ደረጃው በውጭ ነው። ከዚያ በላይ ስጠይቃት ሥራ ትይዛለች።

እባክዎ የቤቱን ልክ ይላኩልኝ። እኔስ ምን ልላክልዎ?

አክባሪዎ
እምነት አረጋ


ላሊበላ
ጥር 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለእምነት፣ ለአሰለች ልጅ።

እኔ ጉልበቴን ከማመሜ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አንቺንም ያኑርሽ።

ደብዳቤሽን ወንድምአገኝ ይዞልኝ ሲመጣ ደነገጥሁ። የአሰለች ልጅ! አሰለች ልጅ እንዳላት ማን ነግሮኝ? በሕይወት እንዳለችስ ማን ነግሮኝ? ሃያ አራት ዓመት! ተቀምጬ ነበር፣ ተነሣሁ፤ ተነሥቼ ምን እንደማደርግ ጠፋኝና መልሼ ተቀመጥሁ። ወንድምአገኝ «ላንብብልዎ?» አለኝ። «ዓይን የለኝም ወይ?» አልሁት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥሬ ወረቀት ተሰጥቶኛል። ይህንንም የምጽፈው በገዛ እጄ ነው፤ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው።

ያንን ቤት የገነባነው አባቴና እኔ ነን። ግንበኛ ነኝ፤ እናትሽ ይህን አልነገረችሽም? ሜትር አልወድም፤ የምለካው በክንዴ ነው። የእኔን ክንድ አታውቂውምና ከክርኔ እስከ መሃል ጣቴ ጫፍ ክር ለክቼ፣ ቆርጬ፣ ከደብዳቤው ጋር አድርጌዋለሁ። ክሩን እንዳትስቢው፤ ይለጠጣል።

በውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አሥራ አንድ ክንድ ነው። የግድግዳው ውፍረት አንድ ክንድ ከስንዝር። በሩ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ቁመቱ አራት ክንድ ሊሞላ አራት ጣት ይቀረዋል። ረጅም ሰው ጎንበስ ይላል፤ ይበል። መሃሉ ላይ የጥድ ምሰሶ አለ። ቤቱን ስንጀምር ችካል ተክለን ገመድ ያዞርንበት ቦታ ነው። ደረጃው በስተደቡብ በውጭ ነው፤ ዘጠኝ ነው።

ሌላ ደግሞ ይህን እወቂ። በዚያ ቤት ሳይጣራ የሚገባ የለም። ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች!» ይባላል፤ ከውስጥ «ደጆች!» እስኪባል ይጠበቃል። እኔ ራሴ የገዛ ቤቴ ሆኖ ሳልጣራ ገብቼ አላውቅም፤ አባቴ እንዲህ ነው ያሳደገኝ። ባለቤቴ ባንቺዓለም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ትስቅብኝ ነበር።

ገንዘብ እንዳትልኪ። አንድ ነገር ግን እፈልጋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሰዎች መጥተው በቤቴ በር ላይ በቀይ ቀለም 38 ብለው ጻፉበት። ከቤተ ክርስቲያኖቹ ዙሪያ ያለው መንደር ለቅርሱ ሲባል ይነሣል፣ ሌላ ቦታ ይሰጣችኋል አሉን። እኔ ንቅንቅ አልልም ብያቸዋለሁ። አንቺ ፈረንጅ አገር ነሽ፤ ያ የምትማሪበት ማኅበር ቤቱ እንዳይፈርስ በፈረንጅ አፍ ይጻፍልኝ፤ ማኅተም ያለበት ይሁን።

እናትሽ ሰላምታ አላለችኝም። አይቼዋለሁ።

ውቤ ሰጠኝ፣ ግንበኛ


በርገን
መጋቢት 9 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ውቤ

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎ? ፈጣሪ ምሕረቱን ይላክልዎ።

ክሩ ደርሶኛል። ሳልስበው ለካሁት፤ አርባ ሰባት ሳንቲ ሜትር ነው። ፎቶ አንሥቼ መድረኩ ላይ ባሳይ የተፈጠረውን ግርግር ልነግርዎ አልችልም። ሁሉም ልኩን ከመጽሐፍ ነው የሚያመጣው፤ ልኩ ከሰው ክንድ ተቆርጦ በፖስታ የመጣለት የለም። በፕሮግራሙ ውስጥ የመለኪያውን ስም «ውቤ» ብዬዋለሁ። ስለዚህ የቤቱ ስፋት አሥራ አንድ ውቤ ነው። ጉጉትም የራሱን ሥራ በውቤ መለካት ጀምሯል፤ አንድ ብራዚላዊም እንደዚያው።

ግድግዳው ቆሟል። መጀመሪያ አስቸግሮኝ ነበር፤ ምክንያቱም ኮምፒውተር ክብ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ሦስት ማዕዘን ብቻ ነው። ስማር በመጀመሪያው ወር የሠራሁት አንዲት ቀይ ሦስት ማዕዘን ነበረች፤ መስታወቱ ላይ ብቅ ስትል ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ። አሁን የእርስዎ ግድግዳ አራት ሺህ ሦስት ማዕዘን ነው።

የቀረኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ብርሃኑ ነው። ፀሐይ በየት በኩል ትገባለች? ምን ላይ ታርፋለች? ኮምፒውተሩ ካልነገሩት ጥላ እንኳ አያወጣም። ሁለተኛው ደረጃው ነው። ዘጠኙን ሠርቻቸዋለሁ፤ ግን ወዴት ነው የሚወጡት? ላይ ምን አለ?

ስለ ማኅተሙ አዝናለሁ። እኛ ጋ ማኅተም የለም። ሊቀመንበርም የለንም፤ ቢሮም የለንም። እርስ በርስ ተያይተንም አናውቅም። ብንጽፍ ማን ይሰማናል? ቤቱ እንዳይፈርስ ግን ከልቤ እመኛለሁ።

እምነት


ላሊበላ
ሰኔ 2 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለእምነት። ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ አለሁ፤ ቤቱም አለ።

ጉድ ነው! የብራዚል ሰው በእኔ ክንድ ይለካል? ያንን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ለወንድምአገኝ ሰጠሁት፤ እሱም እንደዚያው አነበበው። ሰጥቼው ተሳሳትሁ። አሁን በሄድሁበት ሁሉ «አያ ውቤ፣ እንግዲህ ሜትር ሆኑ!» እያለ ገበያተኛውን ያስቅብኛል።

ስለ ክቡ የጻፍሽው አስደንግጦኝ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ግን ግንብም ክብ አያውቅም። ከቤቴ ድንጋይ አንዱ እንኳ ክብ አይደለም፤ ሁሉም ፊቱ ቀጥ ያለ ነው። ክቡን የሚያመጣው ገመዱ ነው። መሃሉን ካልለቀቅሽ ክብ ይወጣልሻል። ይህን ለዚያ ለፖላንዱ ሽማግሌ ንገሪው።

ብርሃን። ጥቅምት ላይ ጧት ፀሐይ በአሸተን ማርያም ተራራ በኩል ስትወጣ ቀጥ ብላ በበሩ ትገባና ምሰሶው ግርጌ ታርፋለች። ክረምት ሲያልፍ ድንጋዩ ይቀላል፤ በበጋ ይገረጣል። ከበሩ በስተግራ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ አባቴ አውቆ ነው የጨመረው፤ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።

ማኅተም የሌለው ማኅበር! ሊቀመንበር የሌለው! ኧረ እንዴት ነው ነገሩ? እድር እንኳ ማኅተም አለው። እንግዲህ ሰዎቹ ሲመጡ ምን ላሳያቸው ነው? ባለፈው መጥተው ከ38 ሥር መስመር አሠመሩበት። መስመሩ ምን ማለት ነው ብላቸው አልነገሩኝም።

ሌላ የጠየቅሽኝ ነገር የለም።

እናትሽ አሁንም ምንም አላለችም።

ውቤ ሰጠኝ


ላሊበላ
መስከረም 19 ቀን 2002 ዓ.ም.

ይድረስ ለእምነት። ሰላምታው ሌላ ቀን።

ምን አድርጌሽ ነው? ምን በድዬሽ ነው ይህን ያደረግሽብኝ?

ትናንት ወንድምአገኝ «አያ ውቤ፣ ቤትዎ ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል፤ ይምጡ ላሳይዎ» ብሎ ጠራኝ። ነጭ ነጠላዬን ለብሼ ሄድሁ። ጎረምሶች ተቀምጠው ነበር፤ ተነሥተው ወንበር ሰጡኝ። እስኪከፈት ከጧት እስከ ቀትር ጠበቅን። ከዚያ ተከፈተ። ቤቴ! በሩ፣ ምሰሶው፣ ያቺ ጥቁር ድንጋይ እንኳ! አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በክንዴ ልክ ነው፤ ዓይኔ ያውቀዋል።

ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ሰው የሌለው ሁለት እጅ ጠመንጃ ይዞ ሳይጣራ፣ «ቤቶች» ሳይል፣ በሬን በርግዶ ገባ። ከምሰሶው ኋላ ቀንድ ያላቸው አረንጓዴ ፍጥረቶች ወጡ። ተኮሰባቸው። ምሰሶው ሥር ደም ፈሰሰ። የባንቺዓለም ተዝካር ሲወጣ ካህናቱ የተቀመጡበት ቦታ ላይ! እኔ እውነት መሰለኝ። ዱላዬን አንሥቼ ነበር፤ ወንድምአገኝ እጄን ባይዘው መስታወቱን ሰብሬው ነበር። ጎረምሶቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ፊቴን ሲያዩ መንገድ ለቀቁልኝ።

ወጥቼ ሄድሁ። ቤቴ ደርሼ ደጃፍ ላይ ቆምሁ። ለመግባት ፈራሁ። ሰማሽ? እኔ ውቤ የገዛ ቤቴን ፈራሁት።

ሰዎቹ ሊያፈርሱት ነው ብዬ ስለምንሽ፣ አንቺ አጋንንት አስገባሽበት። ልኩን የሰጠሁሽ ለዚህ ነው? ክሬን መልሺ።

ውቤ


በርገን
ጥቅምት 28 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ውቤ

ምን ብዬ ሰላም ልበልዎ? ደብዳቤዎን አንብቤ እንደ ልብስ ታጥቤ የተጨመቅኩ ያህል ነው የተሰማኝ። እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እለምናለሁ።

ያ የእኔ ሥራ አይደለም። ግን ጥፋቱ የእኔ ነው። እኛ ዘንድ ልማዱ እንዲህ ነው፤ ሰው ከሌላው ተምሮ የሠራውን ለሌላው ክፍት አድርጎ ይተዋል። እኔም ከሌሎች ሥራ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ቤቱን ሠርቼ ስጨርስ ማንም ወስዶ እንዲሠራበት መድረኩ ላይ አስቀመጥኩት። ስዘጋጅ፣ ስለካ፣ ጥላውን ሳስተካክል የሰው ቤት መሆኑን ረሳሁት። አንድ አርጀንቲናዊ ወሰደና ያንን የተኩስ ጌም ሠራበት። ብዙ ሰው ስለወደደለት ወንድምአገኝ ሲፈልግ መጀመሪያ የወጣለት እሱ ሆነ።

ደብዳቤዎን ተርጉሜ ላክሁለት። በማግስቱ ጌሙን ደመሰሰውና ጻፈልኝ፤ «ሰውየው ደጃፉ ላይ ቆሞ የገዛ ቤቱን ፈራ ያልሽውን ሳነብ አፈርኩ። በዚያ ቤት ሰው የሚገባው እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

አሁን በሩን እንደ አዲስ ሠርቼዋለሁ። ቀጥ ብሎ የመጣ ሰው አይከፈትለትም። ቢገፋው አይከፈትም፤ ቢተኩስበትም አይከፈትም። ቆሞ መጣራት አለበት፤ ተጣርቶም መጠበቅ አለበት። ከውስጥ መልስ ሲሰማ ብቻ ይከፈታል። ጉጉት ይህን ሲያይ «በሃያ ዓመት ውስጥ ያየሁት ጨዋ በር ይህ ብቻ ነው» አለ።

ግን ከውስጥ የሚመልሰው ማን ነው? የራሴን ድምፅ ቀድቼ ሞከርኩት፤ የእንግዳ ድምፅ ሆነ። እናቴን ለመንኳት፤ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ደረጃውም እንዳለ ነው። ጉጉት ትናንት ወጥቶበት ከላይ ምንም ስለሌለ ወደቀ። አያ ውቤ፣ ላይ ምን እንዳለ አሁንም አላውቅም።

ክሩን መልሻለሁ። ፖስታው ውስጥ ያገኙታል።

እምነት


ላሊበላ
መጋቢት 20 ቀን 2002 ዓ.ም.

ይድረስ ለእምነት። በጾሙ እንደምን አለሽ? አምስት ወር ዝም አልሁሽ። አውቄ ነው።

ቀኑ ተቆርጧል። ከዳግማ ትንሣኤ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ልቀቁ ብለውናል። ጎረቤቶቼ ፈርመው ጨርሰዋል። እኔ አልፈርምም ስል የቀበሌው ሊቀ መንበር «አያ ውቤ፣ ቢፈርሙም ባይፈርሙም ይፈርሳል» አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት ሲነገረኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። «ጠላ ትጠጣለህ?» አልሁት።

ከዚያ በኋላ ወጣሁ። ያንን ደረጃ። ስትጠይቂኝ ያልመለስሁልሽ ባንቺዓለምን ካወረድናት ወዲህ ስምንት ዓመት ወጥቼበት ስለማላውቅ ነው። ታች ነው የምተኛው። ሰው ቢጠይቀኝ ጉልበቴ ነው እላለሁ።

ላይ አንድ ክፍል ነው። ስፋቱ አሥራ አንድ ክንድ ከስንዝር፣ ግድግዳው እዚያ ስለሚቀጥን። መደብ አለ፤ የእህል ጎታ አለ፤ ወደ ምሥራቅ አንድ መስኮት አለ፤ ካሬ ነው፣ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ። አሁን ጻፊው።

ጎታው ባዶ ነው ብዬ እጄን ብሰድ ከሥሩ ጨርቅ አገኘሁ። ብፈታው የቴፕ ካሴት ነው። በላዩ ላይ በባንቺዓለም እጅ ጽሑፍ «ለአሰለች ይድረስ» ይላል።

መደቡ ላይ ቁጭ አልሁ። ቤቴ ቴፕ ኖሮ አያውቅም። የማንን ቴፕ ተውሳ፣ መቼ ቀዳችው? በቤቴ፣ ከራሴ በላይ! እኔ ከታች ተቀምጬ! የአሰለች ስም በዚህ ቤት እንዳይነሣ ያልሁት እኔ ነበርሁ። እሷም አላነሣችውም። ጽፋ ጎታ ውስጥ ከተተችው።

ወንድምአገኝ ማጫወቻ አለኝ፣ እንስማው አለኝ። አይሆንም አልሁት። ስሟ የተጻፈበት ሰው በሕይወት አለች፤ የሰው ደብዳቤ ከፍቼ አልሰማም። ይኸው ልኬዋለሁ። ለእናትሽ ስጫት።

ክሩን መልሼልሻለሁ። ከላይ ላለው ክፍል ያስፈልግሻል።

ውቤ ሰጠኝ


በርገን
ሰኔ 11 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለአያ ውቤ፣ የአክብሮት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። የት እንዳሉ ግን አላውቅም፤ ቤቱ ቆሟል ወይስ ፈርሷል?

ካሴቱ ደርሷል። ለእናቴ ስሰጣት ጽሑፉን አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

በጥር 1989 የተቀዳ ነው። እትዬ ባንቺዓለም ማን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተ፣ የትኛዋ በግ መንታ እንደወለደች ሁሉ ትናገራለች። «ውቤ ታች ነው፤ ባቄላ እየለቀምሁ ይመስለዋል» እያለች ትስቃለች። ስለ እርስዎ ከተናገረችው አንዱን ብቻ ልጻፍልዎ፦ «ያቺን ቃል በተናገረ በሳምንቱ ሊመልሳት ፈልጎ ነበር፤ አውቀዋለሁ። ግን ግንበኛ ነው። ያኖረውን ድንጋይ ማንሣት አይወድም።»

የትኛዋ ቃል እንደሆነች አላወቅኩም ነበር። ካሴቱ ካለቀ በኋላ ቤቱን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኩላት። ላዩም ተሠርቶ አልቋል፤ መስኮቱም ወደ ምሥራቅ ነው። መንገዱን ይዛ እስከ ደጃፉ ሄደች። ጥቁሯን ድንጋይ አየቻት። እዚያ ቆመች። «ግቢ እንጂ፣ እማዬ» አልኳት። «በዚህ በር ከወጣሽ አትመለሺበትም ተብዬ ነው የወጣሁት» አለች። ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ሄደች።

ሲዲ ልኬልዎታለሁ። ወንድምአገኝ ይከፍትልዎታል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ሌላ ሰው የነካውም አይደለም። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ እንደ ልማድዎ ያድርጉ። የምለምንዎ ይህን ብቻ ነው።

እምነት


ላሊበላ፣ አዲሱ ሰፈር
መስከረም 22 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለእምነት አረጋ፣ ለአሰለችም።

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገራችሁ። እኔ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነኝ። አራት ማዕዘን ነው። ዝናብ ሲመጣ የሰው ንግግር አያሰማም።

ቤቱ የለም። ማንም አላፈረሰውም፤ ያፈረስሁት እኔ ነኝ። ሰዎቹ ዶማና መዶሻ ይዘው ሲመጡ ደጃፍ ቆሜ «ይህን ቤት የምትነኩት በሬሳዬ ላይ ነው» አልኋቸው። ከዚያ ዶማ የያዘውን ልጅ እጅ አየሁት፤ ድንጋይ ነክቶ አያውቅም። የአባቴን ድንጋይ እንዲህ ያለ እጅ ሊሰባብረው! ደነገጥሁ። «ስጠኝ» ብዬ ዶማውን ቀማሁት። አሥራ ሰባት ቀን ፈጀብኝ። ከላይ ጀምሬ አንድ በአንድ አወረድሁት፤ በመጨረሻ የገባው በመጀመሪያ ወጣ። ከጥቁሯ ድንጋይ ኋላ አባቴ የእኔን ክንድ የሚያህል ጠፍር ጠምጥሞ አስቀምጧል። የልጅነት ክንዴን ነው፤ አጭር ነው። ለዚያ ነበር ለካ። ለማንም አላሳየሁትም፤ ለአንቺ ነገርሁሽ።

ሲዲሽ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። አልሄድም ብዬ ነሐሴን ሙሉ ቆየሁ። ያለፈው ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ሳለሁ ወንድምአገኝ ክንዴን ይዞ አስገባኝ። ጎረምሶቹ ነበሩ፤ አሁንም ተነሡልኝ። ከፈተው።

ቤቴ ቆሟል። በእጄ ያወረድሁት ቤት! ጥቅምት አድርገሽዋል፤ ድንጋዩ ቀልቷል። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ወንድምአገኝ «ለመጣራት ይቺን ትልቋን ቁልፍ ነው የምንጫናት» አለኝ። እኔ ቁልፍ አላውቅም። ቆምሁ፤ ተነሥቼ ቆምሁ ማለቴ ነው፤ ነጠላዬን አስተካከልሁና «ቤቶች!» አልሁ። በአፌ። ገበያው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። አንዱ ጎረምሳ ሊስቅ ሲል ወንድምአገኝ ቁልፏን ተጫናት።

«ደጆች! ግባ እንጂ፣ የራስህ ቤት አይደል? ምን ያስጮህሃል!»

ባንቺዓለም።

እምነት፣ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ሳይነገረው አይደረግም። ዱላዬ ከእጄ ወደቀ። ወንበሩን ፈልጌ አጣሁት፤ ልጆቹ ናቸው ያስቀመጡኝ። እሷ ናት። ስትቆጣ የምትስቀው ሳቅ አለበት። ለካ ያን ቀን ካሴቱን ስትቀዳ ከታች ተጣርቼባት ኖሯል! ከላይ ሆና እየቀዳች፣ እኔ ወጣ ብዬ ተመልሼ ከደጅ ስጮህ፣ መልሳልኝ ቴፑን አጠፋችው። የራሴንም ጥሪ ቆርጠሽ እንዳወጣሽው ገባኝ፤ እኔው እንድጣራ ብለሽ።

በሩ ተከፈተ። ፀሐይዋ ምሰሶው ግርጌ ነበረች። ዘጠኙን ደረጃ ወጣን፤ ላይ መደቡ አለ፣ ጎታው አለ፣ መስኮቱ አለ። ወንድምአገኝ «ወጥተን እንደገና እንጣራ?» አለኝ። «አይሆንም፤ ገብቻለሁ» አልሁት። መብራት እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ተቀመጥሁ። ከዚያ አንዱ ጎረምሳ ዱላዬን አንሥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

አሁን ስለ በሩ ልናገር። ለዚህ ነው የጻፍሁት።

አሰለች በ77 ስትወጣ አባቴ ታሞ ተኝቶ ነበር። «ያሳደገሽን ሰው ትተሽ ትሄጃለሽ?» ብዬ ያንን ቃል ተናገርኋት። በስምንተኛው ቀን ሞተ። በዚያ የረሃብ ዓመት ከቀረነው ስንቱን እንደቀበርን እኔ አውቃለሁ። ብትቀር ኖሮ እሷንም ከእነሱ ጋር ቀብሬ ነበር፤ አንቺም አትወለጂም፤ ይህን ቤት የሚሠራልኝ አልነበረም። ባንቺዓለም እውነቷን ነው፤ ያኖርሁትን ድንጋይ ማንሣት አልወድም። ግን አምና አሥራ ሰባት ቀን ሳነሣ ነው የከረምሁት። ይነሣል ለካ።

ሳይጣራ የመጣ አይግባ ያልሽው ሕግ ጥሩ ነው፤ እንዳለ ይኑር። ለአርጀንቲናውም፣ ለፖላንዱ ሽማግሌም፣ ለእኔም። ለአንድ ሰው ብቻ ትእዛዙን ቀይሪልኝ። ለኮምፒውተሩ እንዴት እንደሚጻፍ አንቺ ታውቂያለሽ።

አሰለች ሳትጣራ ትግባ።

የዚያ ቤት ባለቤት
ውቤ ሰጠኝ